ጆሮው ለምን ይበሳል? ስለ ሰው ነፃነት በኦሪት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ኦሪት ስናወራ ነፃነት ላይ ስንደርስ ጨዋታው ይሞቃል። ከሚጠይቁኝ ብዙዎቹ እንደኔው እስራኤል የሚኖሩ የቤተ እስራኤል ልጆች ናቸው። ክርስቲያኖችም አሉበት፣ «ሃይማኖትና ነፃነት ምን አገናኛቸው» የሚሉም አይጠፉም። ደጋግመው የመጡትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። «ኦሪት» ስል አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በሚሽናና በታልሙድ የተሰበሰበውን የሊቃውንት ትርጓሜም ጨምሬ ነው።

ኦሪት ስለ ነፃነት የሚናገረው የት ላይ ነው?

ከዐሥርቱ ትእዛዛት የመጀመሪያው መስመር ላይ። «ከግብፅ ምድር ከባርነት ቤት ያወጣሁህ እግዚአብሔር አምላክህ እኔ ነኝ» ይላል። «ሰማይንና ምድርን የፈጠርኩ» አላለም። ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። የ12ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ ይሁዳ ሃሌዊ ይህንኑ ጥያቄ ለአብርሃም ኢብን ዕዝራ አቅርቦለት ነበር። ኢብን ዕዝራ ራሱ በዘፀአት ትርጓሜው ላይ ጽፎታል። የሃሌዊ የራሱ መልስ ቀላል ነው። ዓለም ሲፈጠር ቆሞ ያየ የለም፤ ከግብፅ መውጣቱን ግን ሲና ሥር የቆሙት ሁሉ በዓይናቸው አይተዋል።

እኔ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚናገረው ዋናውን ነገር ነው። ይህ ተናጋሪ ራሱን ያስተዋወቀው ባሪያ ነፃ በማውጣት ነው።

በነገራችን ላይ ዕብራይስጡ ነፃነትን «ሔሩት» ይለዋል። የኛ «አርነት» የመጣው ከግእዙ «ሐርነት» ነው። ሁለቱ ቃላት ሥራቸው አንድ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «አርነት ይውጣ» የሚለውን ስታነቡ ያው ቃል ነው የሚያናግራችሁ።

እግዚአብሔርን ማገልገልስ ሌላ ባርነት አይደለም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሙሴ ለፈርዖን የነገረውን ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያስታውሰው። «ሕዝቤን ልቀቅ» ተብሎ ይቆማል። ሙሉው ግን «እንዲያገለግሉኝ ሕዝቤን ልቀቅ» ነው። ዕብራይስጡ ለባርነቱም ለአምልኮውም የሚጠቀመው አንድ ቃል ነው፤ «ዓቮዳ»። በአማርኛም ያው ነው። «ተገዛ» ስንል በገንዘብ የተሸጠውንም በፈቃዱ የታዘዘውንም እንላለን።

ሊቃውንቱ እዚህ ጋ ያሉት ነገር ይገርመኛል። በዘፀአት 32 ላይ በጽላቶቹ ላይ ያለው ጽሕፈት «ሐሩት»፣ የተቀረጸ፣ ነበር ይላል። የሊቃውንቱ የምክር መጽሐፍ በሆነው በአቮት፣ ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን «ሐሩት ብለህ አታንብብ፣ ሔሩት በል፤ በኦሪት ትምህርት ከሚተጋ በቀር ነፃ ሰው የለም» ተብሏል። የቃላት ጨዋታ ብቻ ይመስላል። አይደለም። ከግብፅ በወጡበትና ሕጉን በተቀበሉበት ቀን መካከል ሰባት ሳምንት አለ። ከፋሲካ እስከ ሻቩዖት፣ ሕጉ የተሰጠበት በዓል፣ እያንዳንዷ ማታ ትቆጠራለች። መውጣቱ ላይ ቆመው አላጨበጨቡም፤ ወደ አንድ ቦታ እየሄዱ ነበር።

«ቢሆንም ጌታ ጌታ ነው» የሚል ካለ ቀጣዩን ያንብብ።

ሰው በገዛ ፈቃዱ ራሱን ባሪያ ማድረግ ይችላል?

ለእኔ የነገሩ ሁሉ ልብ ይህ ነው።

ዘፀአት 21ን ክፈቱ። ገና ከሲና ነጎድጓድ እንደወጣን የሚመጣው የፍርድ ሕግ ዝርዝር የሚጀምረው ስለ ቤተ መቅደስ ወይም ስለ ጸሎት በማውራት አይደለም። ስለ ዕብራዊ ባሪያ ነው። ሰርቆ የሚከፍለው ያጣ፣ ወይም ድህነት ገፍቶት ራሱን የሸጠ ሰው ነው። ስድስት ዓመት ያገለግላል። በሰባተኛው በነፃ ይወጣል።

ሰውዬው ግን እምቢ ሊል ይችላል። «ጌታዬን፣ ሚስቴን፣ ልጆቼንም እወድዳለሁ፤ አርነት አልወጣም» ይላል። እውነቱን እንናገር፤ እንጀራው አለ፣ ጣሪያው አለ፣ የነገ ጭንቀት የለበትም። ያኔ ጌታው ወደ ደጁ፣ ወደ መቃኑ ያቀርበዋል። ጆሮውን በወስፌ ይበሳዋል። ወስፌ ያው እናቶቻችን ስፌት የሚሰፉበት ነው።

ለምን ጆሮ? እጅ አለ፣ እግር አለ። በታልሙድ፣ ኪዱሺን በሚባለው ክፍል ላይ፣ ራባን ዮሐናን ቤን ዛካይ መልሱን ሰጥተዋል። ይህ ጆሮ በሲና ተራራ «የእስራኤል ልጆች ባሪያዎቼ ናቸው» ሲባል ሰምቷል፤ ባሪያዎቼ እንጂ የባሪያዎች ባሪያዎች አልተባለም። ይህ ሰው ግን ሄዶ ለራሱ ጌታ አበጀ። እንግዲያው ይበሳ።

ለምን በመቃን ላይ? ለዚህም መልስ አለ። በግብፅ ሌሊት መቃኑና ጉበኑ ምስክር ነበሩ። ደም የተቀባባቸው እነሱ ናቸው። ባሮቹ ነፃ ሲወጡ ያዩትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ በእነሱ ፊት ይበሳ።

ልብ በሉ፣ ጌታው እዚህ ምንም አላጠፋም። ባሪያውን አላስገደደም። ተወቃሹ ነፃነቱን የማይፈልገው ሰው ነው። እኛ ዛሬ ነፃነት ስንል «የራሴ ነው፣ እንዳሻኝ አደርገዋለሁ» ማለታችን ነው። ኦሪት ግን የራስህ ስላልሆነ ነው የማትሸጠው ይላል። አደራ ነው። የአደራ ዕቃ ደግሞ በልተህ አትጨርሰውም።

«ለዘላለም ባሪያው ይሁን» የሚለውም እንደ ቃሉ አይደለም። ሊቃውንቱ «እስከ ኢዮቤልዩ» ብለው ተርጉመውታል። በሃምሳኛው ዓመት፣ ወደደም ጠላም፣ ይወጣል።

ሲወጣ ባዶ እጁን ነው?

አይደለም። ዘዳግም 15 «ባዶውን አትስደደው» ይላል። ከመንጋህ፣ ከአውድማህ፣ ከወይን መጭመቂያህ ስጠው። ታልሙድ ላይ ረቢዎቹ በመጠኑ ተከራክረዋል። ረቢ ሜኢር 15 ሴላ አሉ፣ ረቢ ይሁዳ 30፣ ረቢ ሺምዖን 50። ሴላ የብር ገንዘብ ነው። የሚገርመኝ ማን ትክክል እንደሆነ አይደለም፤ ጥሬ ብር አስቀምጠው መከራከራቸው ነው። ነፃ ወጥቶ በሳምንቱ ሲራብ ተመልሶ ወደዚያው ደጅ እንደሚመጣ አውቀዋል።

በባርነት ዘመኑም ቢሆን ጌትየው አይንደላቀቅም። አንተ ነጭ ዳቦ እየበላህ እሱ ሻካራውን፣ አንተ አሮጌ ወይን እየጠጣህ እሱ አዲሱን፣ አንተ ፍራሽ ላይ እየተኛህ እሱ ጭድ ላይ፣ አይሆንም። «ዕብራዊ ባሪያ የገዛ ለራሱ ጌታ ገዛ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ኦሪት ባርነትን ጨርሶ ለምን አልከለከለም?

ይህ ከባዱ ነው። ላድበሰብሰው አልፈልግም። ከላይ ያወራሁት ስለ ዕብራዊ ባሪያ ነው። ዘሌዋውያን 25 ግን ከሌሎች ሕዝቦች የሚገዛ ባሪያ ለልጆች ውርስ ሆኖ ሊቆይ እንደሚችል ይናገራል። «ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ እንዲህ ነበር» ማለት ማብራሪያ እንጂ መልስ አይሆንም።

ማለት የሚቻለው፣ ኦሪት ባርነትን በብዙ በኩል አጥሮታል። ጌታው የባሪያውን ዓይን ወይም አንዲት ጥርሱን ቢያጠፋ ባሪያው በዚያው አርነት ይወጣል። በሰንበት ባሪያውና ገረዲቱ እንደ ጌታቸው ያርፋሉ፤ ምክንያቱም በዘዳግም 5 ተጽፏል፣ «አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ»። ራምባም፣ ማለትም ረቢ ሙሴ ማይሞን፣ በባሮች ሕግ መጨረሻ ላይ ከሌላ ሕዝብ የተገዛውን ባሪያ በጽኑ ሥራ ማሠራት ሕጉ እንደሚፈቅድ ጽፈው ወዲያው የጽድቅና የጥበብ መንገድ ግን ሌላ ነው ይላሉ። ጌታው አይጩህበት፣ አያዋርደው፣ ከሚበላው ያብላው። ለምስክር የጠሩት ኢዮብን ነው፤ እኔን በማኅፀን የሠራ እርሱንስ አልሠራውምን?

ከሕጉ ይልቅ ደስ የሚሉኝ ታሪኮቹ ናቸው። ራባን ጋምሊኤል ጣቪ የሚባል ባሪያ ነበራቸው። ጣቪ የተማረ ነበር። ይህን ዓይነቱን ባሪያ ነፃ ማውጣት አይገባም የሚል ሕግ ስለነበር ራባን ጋምሊኤል ሊለቁት አልቻሉም። አንድ ቀን ሳያስቡት ዓይኑን አጠፉት። ይኼኔ ሰው ያለቅሳል። እሳቸው ግን በደስታ ሮጡ። ረቢ ዮሹዓን መንገድ ላይ አግኝተው «ጣቪ ነፃ መውጣቱን ሰማህ?» አሏቸው። «እንዴት?» «ዓይኑን አጠፋሁት!» ረቢ ዮሹዓም «ምስክር የለህማ፣ ራስህ ያመንከው አይቆጠርም» ብለው ደስታቸውን አጠፉባቸው። ጣቪ ሲሞት ራባን ጋምሊኤል ለዘመድ እንደሚሆነው ለቅሶ ተቀመጡ። ተማሪዎቻቸው «ለባሪያ ለቅሶ አይደረስም ብለህ አላስተማርከንም?» ሲሉ፣ «ጣቪ እንደ ሌሎቹ አይደለም» አሏቸው።

ረቢ ኤሊዔዘር ደግሞ ምኩራብ ገብተው ለጸሎት የሚያስፈልገው ዐሥር ሰው ሳይሞላ ሲቀር ባሪያቸውን እዚያው ነፃ አውጥተው ቁጥሩን ሞሉ። ሕጉ አንድ ቦታ ቆሟል፣ ሰዎቹ ደግሞ መውጫ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። እኔ የምሰማው የሕሊና ድምፅ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጉድ መናገር አለብኝ። «ጨዋ» እና «ባርያ» የሚለውን ልዩነት ከአገር ቤት ይዘነው መጥተናል። ለጋብቻ ሲሆን ዛሬም ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቅ ሽማግሌ አይጠፋም። በየዓመቱ ፋሲካ ላይ «ባሮች ነበርን» እያሉ ዓመቱን ሙሉ የሰው ዘር መቁጠር እንዴት አብሮ እንደሚሄድ አልገባኝም።

አምልጦ የመጣ ባሪያስ?

አይመለስም። ዘዳግም 23 ግልጽ ነው። ከጌታው ኮብልሎ ወደ አንተ የመጣውን ለጌታው አትስጠው፤ ደስ ባለው ስፍራ ከአንተ ጋር ይቀመጥ፣ አታስጨንቀው። ይህ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ለማየት የባቢሎኑን የሐሙራቢን ሕግ አጠገቡ አስቀምጡት። እዚያ የኮበለለ ባሪያን ቤቱ የደበቀ ሰው ይገደላል።

«አትስረቅ» ሰው መስረቅንም ይጨምራል?

ይጨምራል ብቻ አይደለም። በታልሙድ ትርጓሜ በዐሥርቱ ትእዛዛት ውስጥ ያለው «አትስረቅ» በዋናነት ስለ ሰው ስርቆት ነው። ምክንያቱም የመጣው ከ«አትግደል» እና ከ«አታመንዝር» ጎን ነው፤ ሁለቱም በሞት ያስቀጣሉ። በዘፀአት 21 ሰው ሰርቆ የሸጠ በሞት ይቀጣል። ንብረት የሰረቀ ግን ይከፍላል እንጂ አይሞትም።

ሠራተኛ ሥራውን መሀል ላይ ጥሎ መሄድ ይችላል?

ይችላል። ራቭ የተባሉት ሊቅ «በእኩለ ቀንም ቢሆን» ብለዋል። ምክንያቱ ያው የጆሮው ጥቅስ ነው፤ ባሪያዎቼ ናቸው፣ የባሪያዎች ባሪያዎች አይደሉም። ራምባም አንድ እርምጃ ይጨምራሉ። ሠራተኛው ደመወዙን አስቀድሞ ተቀብሎ በልቶት ቢሆን እንኳ መሄድ ይችላል። ገንዘቡ ዕዳ ሆኖ ይቆይበታል እንጂ አካሉ መያዣ አይሆንም። ይህ የማይሠራው፣ ሥራው ቢቋረጥ ለአሠሪው የማይመለስ ጥፋት የሚያመጣ ከሆነ ነው።

ይህን ሳነብ ወደ ዓረብ አገር የሄዱ እህቶቻችን ይመጡብኛል። ፓስፖርቷ የማዳም መሳቢያ ውስጥ ነው። ከፋላ በሚባለው፣ ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው አሠራር፣ በብዙ ቦታ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ መቀየር አትችልም። ከቤቱ ከወጣች «ጠፋች» ትባላለች። ውሉ የሥራ ውል ነው፣ የተያዘው ግን ገላዋ ነው። እስራኤልም ከዚህ ንጹሕ አልነበረችም። የውጭ አገር ሠራተኛን ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስር አሠራር ነበራት። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አሠራሩን ዘመናዊ ባርነት ከመሆን የማይርቅ አድርጎ አይቶት ሻረው።

ለምርኮኛ ማንኛውም ዋጋ ይከፈላል?

ራምባም ምርኮኛን ከማስለቀቅ የሚበልጥ ትእዛዝ የለም ይላሉ። ምርኮኛ የተራበም፣ የታረዘም፣ ነፍሱም በአደጋ ላይ ያለች ነው። ለምኩራብ ሕንፃ የተሰበሰበ ገንዘብ እንኳ ለዚህ ይውላል። ግን ሚሽና ገደብ አስቀምጧል፤ ከተገቢው ዋጋ በላይ አይከፈልም። አለዚያ ጠላፊው ሥራዬ ብሎ ይይዘዋል።

ይህ ገደብ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ሲወርድ እንዲህ ነው። የሮተንበርጉ ረቢ ሜኢር በ1286 በንጉሥ ሩዶልፍ ታሰሩ። እንደሚተረከው ማኅበረሰቡ ትልቅ ገንዘብ ሊከፍል ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሳቸው ግን ነገ ሌላው ረቢ እንዳይያዝ ብለው ከለከሉ። በ1293 እስር ላይ ሞቱ። አስከሬናቸው እንኳ የተለቀቀው ከ14 ዓመት በኋላ አንድ ባለጠጋ ከፍሎ ነው።

ከዚህ ሕግ ጋር የቤተ እስራኤል ታሪክ የተገናኘበትን ቦታ ብዙዎቻችን አናውቀውም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከሐበሻ ምድር የተማረከች አንዲት ሴት ግብፅ ውስጥ በአንድ አይሁዳዊ እጅ ገባች። ጉዳይዋ ለካይሮው ሊቅ ለራድባዝ፣ ለረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ፣ ቀረበ። ራድባዝ ወገኖቿ ያለ ጥርጥር ከዳን ነገድ የሆኑ እስራኤላውያን ናቸው፣ እነሱን ማስለቀቅም ትእዛዝ ነው ብለው ጻፉ። ባሪያ ተብላ የመጣች ሴት እህት ሆነች ማለት ነው። አራት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ሲወስኑ ከጠቀሷቸው ሊቃውንት አንዱ ራድባዝ ናቸው። ስሟ ያልተመዘገበው ያቺ ምርኮኛ ባትኖር እኛ በምን እንደምንመጣ አስቡት።

ሁሉ ነገር በእግዚአብሔር እጅ ከሆነ ምርጫ የት አለ?

ረቢ ሐኒና «ሁሉ በሰማይ እጅ ነው፣ ሰማይን ከመፍራት በቀር» ብለዋል። ቁመትህ፣ መልክህ፣ የት እንደተወለድክ አልተጠየቅህም። ደግ ወይም ክፉ መሆን ግን ያንተ ነው። ራምባም ማንም ሰው እንደ ሙሴ ጻድቅ ወይም እንደ ኢዮርብዓም ክፉ ሊሆን ይችላል ይላሉ። አለዚያ «ሕይወትን ምረጥ» የሚለው ትእዛዝ ቀልድ ይሆናል።

«ፈርዖንስ? ልቡን ያጸናው እግዚአብሔር አይደለም?» ይሉኛል። መቅሠፍቶቹን ቁጠሩ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ልቡን የሚያደነድነው ፈርዖን ራሱ ነው። «እግዚአብሔር የፈርዖንን ልብ አጸና» የሚለው የሚመጣው በስድስተኛው፣ በቁስሉ ላይ ነው። አምስት ጊዜ በሩን ከውስጥ ዘጋ፣ በስድስተኛው ከውጭ ተቆለፈበት። ሱስ ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ፈላስፋ አያስፈልገውም።

ኢዮቤልዩ ዛሬ ይከበራል?

አይከበርም። ሕጉ የሚሠራው ነገዶቹ ሁሉ በምድራቸው ሲኖሩ ነው፤ እነ ሮቤልና ጋድ ከተማረኩ ጀምሮ ቆሟል። ኢዮቤልዩ ስለሌለ የዕብራዊ ባሪያም ሕግ አይሠራም። «በምድሪቱ ለሚኖሩባት ሁሉ አርነትን አውጁ» የሚለው ቃል ግን አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ፣ በአንድ የተሰነጠቀ ደወል ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

ነፃ አውጥቶ ቃሉን ያጠፈ አለ?

አለ። ኤርምያስ 34። ባቢሎን ኢየሩሳሌምን ከብባለች። ንጉሡ ሴዴቅያስና ሹማምንቱ ደነገጡና ባሮቻቸውን ሁሉ ለቀቁ፤ ቃል ኪዳንም ገቡ። ከበባው ላላ ሲል ግን እነዚያኑ ሰዎች እንደገና ሰብስበው ባሪያ አደረጓቸው። የኤርምያስ መልስ በዚያው ቃል ነው። እናንተ አርነት ስላላወጃችሁ እኔ አውጅላችኋለሁ፤ ለሰይፍ፣ ለቸነፈር፣ ለረሃብ።

በፋሲካ ማታ ለምን ጋደም ተብሎ ይበላል?

ይህን የሚጠይቁኝ በተለይ ከአገር ቤት የመጡ እናቶች ናቸው። እውነት አላቸው። ማዕድ ላይ፣ ሰው ፊት ጋደም ማለት በኛ ባህል ነውር ነው። የኢየሩሳሌም ታልሙድ ምክንያቱን ይናገራል። ባሮች ቆመው ነው የሚበሉት፤ ስለዚህ በዚያች ሌሊት ጋደም ብለን እንበላለን። ሚሽና ደግሞ የእስራኤል ድሃም ቢሆን ሳይጋደም አይብላ፣ በምጽዋት የሚኖርም ቢሆን አራት ጽዋ ወይን ይሰጠው ይላል። ማዕድ የሚያቀርበው አገልጋይ እንኳ ጋደም ማለት አለበት።

ይህን የመጨረሻውን ሕግ የያዝኩት በአንድ የፋሲካ ማታ ነው። አክስቴ እንደ ልማዷ ከወጥ ቤት ወደ ማዕድ፣ ከማዕድ ወደ ወጥ ቤት ትመላለሳለች። ቂጣውን የምትቀምሰው ቆማ ነው። ትንሹ የልጅ ልጇ ትምህርት ቤት የተማረውን ይዞ ትራስ አቀፈና መንገዷን ዘጋ። «እማማ፣ ቆሞ መብላት አይፈቀድም» አላት። እሷ ድስቱን እንደያዘች እኔን አየችኝ። «እውነቱን ነው?» አለች። እውነቱን ነው አልኳት። ድስቱን ተቀብያት ወጥ ቤት ገባሁ።